ሽበት ያወጡ ሚዜዎች

ፍኖተ ሰላም ላይ ስመኘው ልብስ ሰፊውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ሱሪው ተቀዶበት አያውቅም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ ካለፈ ካገደመው ጋር ሲከራከር ይውላል። አፉ አያርፍም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን «ሱሪውን ተወው፣ አንተን ማስረዘም ይሻላል» ይለዋል፤ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣችውን «ምን እየበላሽ እንደሆነ ንገሪንና እኛም እንብላ» ይላታል። ደንበኛው ተቀይሞ ይሄድና በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ምን ያድርግ? ስመኘው ለማክሰኞ ያለውን ማክሰኞ ያደርሳል። በዕድሜው በቀኑ ሳያደርስ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሙሽራ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ አብሮ አደጉ ወንዳወቅ ሚስት አገባ። ወንዳወቅ ያኔ እህል ከቡሬ እያመጣ የሚሸጥ ጎረምሳ ነበር። ሙሽራዋ ማርያማዊት ደግሞ የደጋ ልጅ ናት። ከጅጋ ወደ ቋሪት፣ ከቋሪት ወደ ላይ፣ አሁንም ወደ ላይ፣ ከገብስና ከድንች በቀር የሚበቅል ከሌለበት፣ ሰንበት አምባ ከሚባል መንደር ነው የመጣችው። ስመኘው አንደኛ ሚዜ ሆነ፤ ሁለተኛው ሚዜ ሃይለ ሚካኤል ነበር፣ ያኔ ገና የተመረቀ ቀጭን አስተማሪ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ አባቷ አያ ገብረሰንበት እጇን ይዘው ለባሏ ሳይሆን ለስመኘው ሰጡት።

«ባል ይቆጣል፣ ባል ይሰክራል። እኔ ልጄን የምሰጠው ለአንተ ነው። በመልሷ ቀን አንተው ራስህ ይዘሃት ትመጣለህ» አሉት።

«ስመኘው ይሙት!» አለ ስመኘው ደረቱን ነፍቶ።

መልሱ ለየካቲት ተቆረጠ። ያገሬው ወግ እንደሚታወቀው ነው፤ ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ከባሏና ከሚዜዎቿ ጋር ተጠርታ፣ ተደግሶላት፣ ወደ እናት አባቷ ቤት ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ እንደ ልቧ ትገባለች፣ ትወጣለች። መልሷ ሳይደረግ ግን፣ በዚያ በደጋው፣ የአባቷን ደጃፍ አትረግጥም። ታዲያ በዚያ በየካቲት ጦርነቱ ጎጃም ገባ። መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ሁሉ ጠፋ፣ ሰው ከቤቱ አልወጣም። አያ ገብረሰንበት ግን እላይ ሆነው ይኼን የነገራቸው የለም። በሬ ጥለው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ዳስ አቁመው፣ አገሩን ሰብስበው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ድግሱን ጎረቤት በላው፣ ጠላው ኮመጠጠ፣ አያ ገብረሰንበትም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «መልሷ በወጉ ሳይደረግ እግሯ ደጄን አይረግጥም!» ብለው ተናገሩ። ብቻቸውን ሆነው ቢናገሩት ኖሮ ሲነጋ በረሱት ነበር።

መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይስተካከላል ተብሎ ነበር። ወንዳወቅ ግን «የፊተኛው ጥሪ ቀኑ አልፏል፣ አዲስ ጥሪ ይላኩብን፤ ሳይጠራ የሚሄድ አማች የት ታይቷል?» አለ። አያ ገብረሰንበት ደግሞ እላይ ሆነው «ደግሼ የቀሩብኝ እነሱ ናቸው፣ ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ይጠይቁ እንጂ እኔ ሁለተኛ ምን ብዬ እጠራለሁ?» አሉ። በወጉ መሠረት ወንዳወቅ ልክ ነው። በወጉ መሠረት አያ ገብረሰንበትም ልክ ናቸው። ሁለቱም ልክ ሆነው ቁጭ አሉ። ክረምቱ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላው መጣ፣ ሄደ። ማርያማዊት ወለደች፣ ደገመች። እናቷ ወለተ ሐና ለአራስ ጥየቃ ቅቤ ይዛ እየወረደች፣ ልጅ አቅፋ እየሳመች ትመለስ ነበር። አባትየው ግን አንድ ቀን አልወረዱም፣ ልጅቱም አንድ ቀን አልወጣችም። ይኼን የሚሰማ የአዲስ አበባ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ ጎጃሜ ግን ገብቶታል።

ማርያማዊት ስለዚህ ነገር አታወራም። ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፤ ሳቂታ ናት፣ መስፈሪያዋም ሞልቶ ይፈሳል። ነገር ግን በርኖስ የለበሰ ደገኛ ሽማግሌ በገበያው መሀል ሲያልፍ ካየች፣ መስፈሪያውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ትቀራለች። ይኼን ያየው ስመኘው ነው። ከበረንዳው ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቷታል።

ታዲያ በየዓመቱ ጥር ሲገባ «ዘንድሮ እንወጣለን!» ብሎ ይነሳል። አንዱን ዓመት ወንዳወቅ ወባ ያዘው። አንዱን ዓመት ሃይለ ሚካኤል ለሥልጠና ተጠርቶ ሄደ። አንዱን ዓመት ስመኘው ራሱ ከባጃጅ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል። በቀረው ዓመት ሁሉ እንቅፋቱ ያው የወንዳወቅ «አልተጠራሁም» ነበር። የመናኸሪያ ልጆች መቀለጃ አደረጉት። «ጋሼ ስመኘው፣ መልሱ ዘንድሮ ነው?» ሲሉት «አዎ፣ ያንተን ሱሪ ጨርሼ!» ይላቸዋል። ይሳደባል እንጂ ሐሳቡን አልተወውም።

በሁለት ሺህ አራት ጥር ላይ አንድ ደገኛ ኮቱን ሊያስጠግን መጣ። ሰውዬው የሰንበት አምባ ሰው ነው። ስመኘው እየሰፋ ስለ አያ ገብረሰንበት ጠየቀው።

«አሉ። ዓይናቸው ግን ሊጠፋ ነው። አንዱ ጠፍቷል፣ ሌላውም ሰንብቶ ይከተላል ብለዋል ሐኪሞቹ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ ምን አሉ መሰለህ? ‹ያ ልጄን የሰጠሁት ልጅ በሕይወት አለ ወይ?› ብለው ጠየቁ።»

ስመኘው መቀሱን አስቀመጠ። ኮቱን አንድ እጅጌው ሳይሰፋ ለሰውዬው አስረክቦ፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግቶ፣ እያነከሰ ወንዳወቅ ቤት ሄደ።

«ተነስ፣ እንሄዳለን» አለው።

«ጥሪ መጣ?»

«በሕይወት አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ? ፖሊስ ይላክልህ?»

«ስለ አንተ ነው የጠየቁት፣ ስለ እኔ መች ጠየቁ።»

«ስማ አንተ ሰው! ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ዛሬ ካላዩዋት መቼም አያዩዋትም። ገባህ? አንተ ጥሪህን ስትጠብቅ ሰውዬው ልጃቸውን በእጅ እየዳሰሱ ሊያውቋት ነው!»

ማርያማዊት ከጓዳ ወጣች። እጇ በርበሬ እንደነካ ነው። «እኔ እሄዳለሁ» አለች። «የምትቀሩ ቅሩ።» በዚህ ነገር ላይ አፏን ከፍታ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ወንዳወቅ ደንግጦ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ሃይለ ሚካኤልም ከቡሬ ተጠራ። ያ ቀጭን አስተማሪ አሁን ባለ ቦርጭ ሆኗል፤ ለተራራ ብሎ የመጣው በተቀባ የከተማ ጫማ ነው። ስመኘው ከእግር እስከ ራሱ አየውና «አንተን ተሸክመን ከምንወጣ ተራራውን ወዳንተ ብናመጣው ይቀለን ነበር» አለው። ከጅጋ በአይሱዙ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ቋሪት ደረሱ፤ መኪናው ካቆመበት ጀምሮ በእግር ሆነ።

አቤት ያ አገር! ከበቆሎው አገር ወጥተህ፣ ከጤፉ ወጥተህ፣ ገብሱ የታጨደበት ደልዳላ ሜዳ ላይ ደረስኩ ስትል ሌላ ተራራ ከፊትህ ቆሞ ይጠብቅሃል። ጠዋት አመዳዩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ አየሩ ደረት ይቆርጣል። ሃይለ ሚካኤል በየዳገቱ ቁጭ እያለ «እናንተ ሂዱ፣ እኔን እዚሁ ቅበሩኝ» ይላል። ስመኘው በሰባራ እግሩ የራሱንም የሃይለ ሚካኤልንም ሻንጣ ተሸክሞ ከፊት ከፊት እያነከሰ ይወጣል፣ አፉም አይዘጋም። ማርያማዊት ሳትቆም ትሄዳለች። ከእነሱ ሁሉ የማይደክማት እሷ ናት፤ እግሯ አገሩን አልረሳውም።

በመጀመሪያው መንደር ውኃ የሚቀዱ ሴቶች አገኟቸው።

«እንደምን ዋላችሁ! ወዴት ናችሁ?»

«መልስ ይዘን ነው» አለ ስመኘው።

ሴቶቹ ወደ ኋላ አዩ። «ሙሽራዋ የታለች?»

«ይችውላችሁ!»

ማርያማዊትን አዩ፣ ሽበት ያወጡትን ሚዜዎች አዩ፣ የሃይለ ሚካኤልን ቦርጭ አዩና በሳቅ ፈነዱ። አንዷ እንስራዋን እስክታስቀምጥ ድረስ ሳቀች። ስመኘው ነገሩን ከሥሩ ነገራቸው፤ ጦርነቱን፣ የኮመጠጠውን ጠላ፣ ጥሪ መጠባበቁን፣ የሽማግሌውን ዓይን። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። አንዲት ባልቴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ምነው ልጄ፣ ምነው እንዲህ እስክትሆኚ?» ብላ ማርያማዊትን አቅፋ ሳመቻት። ቀጥላም ዞራ ስመኘውን «መልስ የያዘ ሚዜ ሳይጨፍር መንደር ያልፋል እንዴ?» አለችው።

እነሆ ጭፈራ! እልልታው ከወንዙ ዳር ተነሳ፣ ሰው ከየቤቱ ወጣ፣ ስመኘው በአንድ እግሩ እየዘለለ እስክስታ ወረደ። ሃይለ ሚካኤል የሞት ሞቱን ትከሻውን አነቃነቀ፣ ወንዳወቅ እንኳ ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ በደረሱበት መንደር ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ወሬው ከአንዱ ተራራ ወደ አንዱ በጩኸት ይቀድማቸዋል፤ ሲደርሱ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ «እነዚያ ሚዜዎች መጡ!» ይላል። ያስጨፍሯቸዋል፣ ቆሎና አረቄ ያቀርቡላቸዋል። በመሸባቸው ቦታ የማያውቁት ሰው ቤቱን ከፍቶ፣ ውኃ አሙቆ፣ እግራቸውን አጥቦ አልጋውን ይለቅላቸዋል። ሃይለ ሚካኤል እግሩ በሰው እጅ ሲታጠብ አፈረና «እኔ ራሴ ልታጠብ» ሲል የቤቱ ባለቤት ተቆጣ። «በቤቴ ደግሞ አንተ ልታዘኝ ነው?» አለው። ስመኘው ይኼን ሁሉ እያየ ሲገርመው ነበር። ጥሪ ሳያስፈልግ እንዲህ የሚቀበል አገር ውስጥ እንዴት ሃያ ዓመት ጥሪ ስንጠብቅ ኖርን እያለ በሆዱ ይበሳጭ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት ጅባራ የበቀለበትን አፋፍ ወጥተው ሰንበት አምባን ከሩቅ ሲያዩ፣ ማርያማዊት ቆመች። የሣር ቤቱ፣ የድንጋይ አጥሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች፣ ሁሉም እዚያው አለ። በዚያው ሰዓት ከታች የሚመጣ ገበሬ አገኛቸው፤ ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ።

«ባትቸኩሉ ይሻላል» አለ። «ወሬያችሁ ትናንት ደርሷል። አያ ገብረሰንበት እንደሰሙ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሚስታቸውም ለምና ለምና ደከማት፤ አልከፍትም ብለዋል።»

ወንዳወቅ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። «ይኸው! አላልኩም? ይኼን ሁሉ ተራራ የወጣሁት በተዘጋ በር ልዋረድ ነው? እኔ ከዚህ አልፌ አልሄድም፣ ተመልሻለሁ!»

«እንግዲያው ተመለስ» አለ ስመኘው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰማይ ምድሩን አቀላቅሎ ይሰድበው ነበር፤ አሁን ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ልጅቱን የሰጡት ለእኔ ነው። እኔ አደርሳታለሁ።» ጎንበስ ብሎ ከመንገድ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሳና በሁለት እጁ ማጅራቱ ላይ አደረገው። ለይቅርታ ድንጋይ የሚሸከም ሰው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው የሚሸከመው፤ ሃይለ ሚካኤል «ኧረ ገና ሩቅ ነው!» አለው።

«ይሁን» አለ ስመኘው። «‹እዚህ ሲደርስ ነው ያነሳው፣ አሾፈ› እንዳይሉኝ።»

ቁልቁለቱን በዚያ በሚያነክስ እግሩ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጠጠሩን እያየ ወረደ። ማርያማዊት ከኋላው ተከተለች፣ ሃይለ ሚካኤልም። ወንዳወቅ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ትንሽ አያቸውና፣ የሆነ ነገር እያጉረመረመ ከኋላ ከኋላ መጣ።

ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ወለተ ሐና ከዳር ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። በሩ ተዘግቷል። ስመኘው ከበሩ ፊት ተንበረከከ። ላቡ ካፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፣ አንገቱ ይንቀጠቀጣል።

«አባቴ፣ ስመኘው ነኝ» አለ። «የሰጡኝን አደራ ይዣለሁ። ዘግይቻለሁ። ምክንያት አለኝ፤ ግን አልናገረውም።»

ያ ለፍላፊ ሰው ይኼን ብቻ ብሎ ዝም አለ። ብዙ ቆየ። ሃይለ ሚካኤል ድንጋዩን ሊያግዘው ጠጋ ሲል ስመኘው በክርኑ ገፋው። በመጨረሻ የበሩ መወርወሪያ ሲንቋቋ ተሰማ።

አያ ገብረሰንበት በበርኖሳቸው ተጠቅልለው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ። መንምነዋል። እጃቸውን ዘርግተው የስመኘውን ራስ አገኙ፣ ከራሱ ወደ ማጅራቱ ወረዱ፣ ድንጋዩን ዳሰሱት።

«ከባድ ነው» አሉ።

«ነው አባቴ።»

«አላነሳልህም።»

ሰው ሁሉ «እህ!» አለ። ወለተ ሐና «አንቱ ሰው፣ በእግዜር!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ድንጋይ የሚያነሳ የተበደለ ሰው ነው» አሉ። «እኔ መች ተበደልኩ? አንድ ሰው ወደ ታች ብልክ ኖሮ ይመጡ ነበር፤ ልጄን ሳይሆን ወጌን ጠበቅሁ። በሩን የዘጋሁት እኮ ተቆጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ለእኔም ድንጋይ አምጡልኝ።»

ማን ያምጣ? ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። አያ ገብረሰንበት ከዘራቸውን ጣሉ፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው መሬቱን ዳበሱ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አገኙና እየተንቀጠቀጡ ማጅራታቸው ላይ አወጡት። ከስመኘው ጎን ተንበረከኩ። «ልጄ የት ናት?» አሉ። «ፊቴን ወደሷ አዙሩኝ።»

«ኧረ አባቴ! ኧረ በማርያም!» ማርያማዊት ሮጣ መጥታ ድንጋዩን ከአንገታቸው ነጥቃ ወረወረችው። እግራቸው ላይ ወደቀች፣ እሳቸውም እሷ ላይ ወደቁ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፀሐዩ አዞሩት፣ ከዓይናቸው ጋር እስኪነካካ አስጠጉት። ብዙ አዩ።

«አርጅተሻል» አሉ።

«አዎ አባቴ» አለች እያለቀሰች። «አርጅቼ መጣሁ።»

«አየሁሽ። እሰይ፣ አየሁሽ።»

እልልታው ያኔ ነው የፈነዳው። ሴቱ አለቀሰ፣ ወንዱም አለቀሰ፤ ሃይለ ሚካኤልማ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። በዚህ ሁሉ መሀል ስመኘው አንገቱን እንደደፋ የሰው እግር ብቻ እያየ ነበር።

«እኔስ?» አለ ከታች።

ማርያማዊት እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «አንተ ትንሽ ቆይ! እኔ ስንት ዓመት ቆይቻለሁ?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ፣ ስመኘውም ከድንጋዩ ሥር ሳቀ። ተነስታ ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችለት፣ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ የቀላውን ማጅራቱን ሳመችው። «ወንድሜ» አለችው።

ቀና ሲል ከጎኑ ሌላ ሰው ተንበርክኮ አየ። ወንዳወቅ ነው። መቼ እንደመጣ ያየው የለም፤ ከሁሉ የሚበልጥ ድንጋይ ፈልጎ ተሸክሟል። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። እልልታው ቆመ። ማርያማዊት ባሏ ፊት ቆማ ብዙ አየችው። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ፍቅር ማንም አላወቀም፤ ሁለቱም ይመስል ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሳችለትና እጁን ያዘችው።

«ና ግባ» አለችው። «እኔ ጠርቼሃለሁ።»